ከአሸዋ የማያወጣው የመኪና ጌም

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት የሎሚ ነጋሳ አንድ ተራ ቀን ወጪው ብዙ ነበር። ጠዋት ለዳቦ ሰልፍ እግሯን ታወጣለች፤ ለልጇ ወተት ሽልንግ፤ ልጇን አዝላ ስትቆም ስለምትውል ወገቧን፤ ወደ ማታ ደግሞ የተረፈ ድምፅ ካላት እሱን። ድምፅዋን የሚበላው ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የቆመው የመኪና ጌም ነበር። «ወረፋ ጠብቁ! መሪውን አትገንጥሉት! አንተ፣ በጉልበትህ አትምታው አልኩ!»

ማሽኑን ነጋዴው መሐመድሰዒድ ከጅቡቲ በባቡር አስመጥቶ ሎሚን ጠባቂ አድርጎ ቀጠራት። ባሏ ቀነዓ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በዚያች ደመወዝ ነው። ከመስታወቱ ኋላ አንዲት ቀይ መኪና ጉብታ ላይ ወጥታ በአየር ትንሳፈፋለች፤ ጭቃውን እየረጨች ታርፋለች። ነዳጅ በኩፖን በሆነበት ጊዜ በስሙኒ አገር ማቋረጥ እንዴት አይጥም! የአሰብ መስመር ሹፌሮች እንኳ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ይሰለፉ ነበር።

እንከን አልነበረውም አይባልም። መንገዱ ሁልጊዜ ያው ነው። የቱንም ያህል ቢቀድሟት፣ ተፎካካሪዋ ሰማያዊ መኪና ከየት መጣች ሳይባል ከኋላ ትደርሳለች። «ይቺማ የካድሬ መኪና ናት፤ መንገድ ይጠረግላታል» ይላሉ ሹፌሮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሎሚ ግን ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ትነዳለች፤ ልጇ ከጀርባዋ ሆና በየዝላዩ ትስቃለች። በዚያ ማሽን እሷን የቀደመ ናዝሬት ውስጥ አልተገኘም።

ከደመወዟ እየቆጠበች የእውነተኛ መኪና መንዳትም ተማረች። መንጃ ፈቃዷን ባወጣች ሰሞን፣ የወለንጪቲ ገበሬዎች እርሻ ማኅበር ሹፌር ጋሼ አብተው ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል ሰማች። ቀጥ ብላ ቤታቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ እርስዎ ይችላል ያሉትን ሰው ነው የሚቀጥረው አሉኝ። ይፈትኑኝ።»

«የተማርሽው አስፋልት ላይ አይደለም እንዴ? የእኛ መንገድ እኮ ድንጋይና አሸዋ ነው፣ ልጄ።»

«እሱንማ በማሽኑ ለምጄዋለሁ።»

ጋሼ አብተው ሳቃቸው አመለጣቸው። «በዚያ አህያ በማይገባበት መንገድ? ጎማው ተንፍሶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ቅዳሜ ነይ። የወለንጪቲን አሸዋ ካለፍሽ ቃሌን እሰጥሻለሁ። ካላለፍሽ ወደ ስሙኒሽ!»

ቅዳሜ ጋሼ አብተው ልጅቷን ታቅፈው፣ አንቀልባዋን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከግራር ጥላ ሥር ቆሙ። ሎሚ የማኅበሩን ላንድሮቨር ይዛ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። አጀማመሯ ጥሩ ነበር። ዓይኗን አርቃ ጣለች፤ ጉብታው ጋ ሳትደርስ ነዳጁን ቀነሰች። ይህን ማሽኑ አስተምሯታል። መሃል ላይ መኪናው ጉልበት ሲያጣ ግን እግሯ የለመደውን አደረገ፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። በማሽኑ ጭቃ ያዝ ያደርጋል እንጂ አይውጥም። ገደል ቢገቡ እንኳ ቀይዋ መኪና ብልጭ ድርግም ብላ ራሷ መንገድ ላይ ትመለሳለች። እዚህ ግን የኋላ ጎማዎቹ ጮኹ፣ ቆፈሩ፣ ሰመጡ።

«አሁን ማን አንስቶ መንገድ ላይ ያስቀምጥሽ?» አሉ ጋሼ አብተው ከጥላው ሥር። «ስሙኒ ልጣልልሽ?»

ሎሚ ፊቷ ጋለ። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከጎማዎቹ ሥር አሸዋውን በእጇ ዛቀች። ጎማው የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። የግራር ቅርንጫፍ እንዳትጎዘጉዝ እሾሁ ጎማ ይበሳል። ከወንበሩ ሥር አንድ ጆንያ አገኘች። ለሌላኛው ጎማስ?

«ጋሼ፣ አንቀልባውን ያቀብሉኝ!»

«ምን? እናትሽ በዛጎል ያሠሩልሽን?»

«ቆዳ ነው፤ ይታጠባል!»

በአንዱ ጎማ ሥር ጆንያውን፣ በሌላው ሥር አንቀልባውን አነጠፈች። ማርሽ ሁለት አስገብታ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብላ ለቀቀች፤ ነዳጁን ነካ ብቻ። መኪናው አቃሰተ፣ ቆዳውን ነከሰ፣ ወጣ። ማዶ ሳትደርስ አልቆመችም።

ጋሼ አብተው አሸዋውን አቋርጠው ልጅቷን አስረከቧት። «መውጣቱንስ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ማሽኑ ይህን አለማስተማሩን ያወቅሁት እዚያ ስሰምጥ ነው።»

«መስመጥማ እኔም ስንቴ ሰምጫለሁ። ወርዶ የሚቆፍር ሹፌር ነው የጠፋው። ሰኞ ሥራ ግቢ።»

ይኸው ዛሬ ከወለንጪቲ ናዝሬት የማኅበሩን እህል የምታመላልሰው ሎሚ ናት። መንገደኛው «ሎሚ ሹፌሯ» እያለ እጁን ሲያነሳላት ጥሩምባ ሳትነፋ አታልፍም። እሁድ እሁድ ግን እንደ ድሮው ማሽኑን ትጠብቃለች፤ ዝላዩን አሁንም ትወደዋለች። የጎማ ጥርስ የታተመበትን አንቀልባ ከማሽኑ በላይ ሰቅላዋለች፤ ሕግም አውጥታለች። መኪናው ገደል የገባበት ሰው፣ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ በምን እንደሚያወጣው ሳይናገር ሁለተኛ ዙር አይጫወትም። የአሰብ ሹፌሮች በዚህ ሲከራከሩ ቤቱ ይናወጣል፤ ሎሚም ሰምታ ትይዛለች፣ የማታውቀው አሸዋ ገና ብዙ ነውና።

እናንተንም አደራ የምትላችሁ ይህንኑ ነው፦ እሁድ ናዝሬት ብቅ ካላችሁ ግቡና ተጫወቱ፣ ማሽኑን በጉልበታችሁ አትምቱት፤ የት ሰምጣችሁ በምን እንደወጣችሁም ሳትነግሯት አትሂዱ።