በጨለማ የሚያይ ካሜራ

ሲኒማ ቤት ውስጥ ተመልካች ስታስቀምጥ ያረጀችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ባትሪ» ይላታል። ባትሪዋን እግር ላይ እንጂ ፊት ላይ አብርታ አታውቅም። «ሰው ለጨለማውም ነው የከፈለው» ትላለች። አሁን ግን ፊልም በስልክ የሚቀዳ ሌባ ለመያዝ ተብሎ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ተተከለ፤ እሷም ከጥበቃው ጎን ተቀምጣ በስክሪን የሰው ፊት እንድትሰልል ታዘዘች። ሌባ እስከ ዛሬ አልተያዘም። የተያዘው የሰው ገመና ነው!

ትናንት ጥበቃው በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ ይቺን አልቃሻ እዪልኝ! ፊልሙ እኮ የሚያስቅ ነው!»

አየች። ታናሽ እህቷ ናት። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቤት ውስጥ አልቅሳ አታውቅም፤ ለባሏ ስትል ጥርሷን ነክሳ ነው የምትኖረው።

«አጥፋው፣ በሞቴ።»

«ካጠፋሁት ያባርሩኛል። አለቃም እኮ ያያል።»

ለእህቷ ልትነግራት ሮጠች፤ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ያዩሻል ብትላት፣ ከእንግዲህ የት ሄዳ ታልቅስ? ዝም ብትላት ደግሞ ነገም ስትመጣ ይስቁባታል። ቆማ ስታመነታ ፊልሙ አለቀ።

እህቷ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

«እታለም፣ እንዴት ያለ አስቂኝ ፊልም ነው ባክሽ!»

«እንኳን ሳቅሽልኝ» አለቻት።