ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ

የበቅሎው ባለቤት ጉና ተራራ ላይ ከተማሪዎቹ ተጓዦች ቀድመው ደረሱ። ጭነቱን እንዳወረዱ ድንኳን ከሚተከልበት መሬት ላይ ጠጠሩን ለቀሙ፣ እሾሁን ጠረጉ። ከዚያ በየቦታው ሰማያዊ ላስቲክ አነጠፉና ድንኳኖቹን ከላዩ ተከሉ። የተረፈውን የላስቲክ ጠርዝ ዙሪያውን እየተንበረከኩ ወደ ሥር አጠፉት።

አብራቸው የወጣችው ምግብ አብሳይ ሰብለወንጌል ድንች እየላጠች ታያቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ብዙም ባያልፍም ጀርባቸው ጎብጧል።

«አባቴ፣ ድንኳኑ የራሱ ወለል አለው እኮ። ምነው እንዲህ ለፉ?»

«ወለሉ ስስ ነው፤ ጠጠር ይበሳዋል። ጠርዙ ውጭ ከቀረም ዝናቡን አቁሮ ከሥር ያስገባዋል።» የላስቲኩን ጠርዝ በእጃቸው ወደ ሥር ገፉት። «በጦርነቱ ጊዜ ተፈናቅለን ድንኳን ውስጥ ስንከርም ይህን አላወቅሁም። ከላይ እንዳያፈስ ብቻ ነበር የምጠብቀው። ልጄ ለካ ከሥሯ እየረጠበች ነው የምታድረው። ብርዱ ደረቷ ገባ፤ አልዳነችም።»

ሰብለወንጌል ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሰባት። እማማ ሸናሽ ብላ እንዳትቆጣኝ በሚል፣ እስክትታመም ድረስ መርጠቧን እንኳ አልነገረችንም።»

ተጓዦቹ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ፤ ሁሉም እየሮጡ ድንኳን ድንኳናቸው ገቡ። ሰውየው ግን ደጅ ተንበርክከው እጃቸውን በአንደኛው ድንኳን በር አስገቡና ወለሉን ዳበሱ።

«ደረቅ ነው አባባ» አለቻቸው ውስጥ ያለችው ተማሪ።

«እሰይ ልጄ» አሉ። እጃቸውን ግን ቶሎ አላወጡም።