የኔቪል ትሬዊን ሦስት መቶ አሥራ አንድ ውድድሮች

የእህቴ ባል ኔቪል ትሬዊን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፕሮፌሽናል የጎልፍ ተጫዋች ነበር። ሲድኒ ያለው የማኅበሩ መዝገብ ከስሙ ጎን የያዘው ይህን ነው፦ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ውድድር ገባ፤ በመቶ ሰማንያ ሰባቱ ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀረ፤ አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ አንድ ጊዜ አቋረጠ፤ ድል የለም።

ከነዚያ ውድድሮች በሰማንያ ያህሉ ቦርሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሌስ እባላለሁ። ሥራዬ በግ በጭነት መኪና ማመላለስ ነው፤ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ግን መኪናውን አቁሜ ከኔቭ ጋር እዞር ነበር። እና ስለዚያ መዝገብ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ኔቭ ከባሕር የራቀችው የትንሿ ከተማችን የዋራንዲ ልጅ ነው። አባቱ በግ ሸላች ነበሩ፤ ጎልፍ ያስተማሩት ግን እናቱ ቴልማ ናቸው። ሴትዮዋ አንዲት አጭር ዱላ ብቻ ይዘው ወንዶቹን ሁሉ ያሸንፉ ነበር ይባላል። የዋራንዲ ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ አለው፤ ዘጠኙን ሁለት ጊዜ ስትዞር አሥራ ስምንት ይሆንልሃል። እኛ ዘንድ ለሳር የሚተርፍ ውሃ የለም፤ ስለዚህ በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው በአሮጌ ዘይት የታሸ ጥቁር አሸዋ ነው። ኳስህ አሸዋው ላይ ስትደርስ መደልደያውን ብረት አንስተህ ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መንገድ ትጠርጋለህ፤ ከዚያ ትመታለህ። ኔቭ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ ድረስ ሌላ ዓይነት ሜዳ አያውቅም ነበር። በ1978 ፕሮፌሽናል ሆኖ ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ከተሞች ሲሄድ፣ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰውን ሳር አይቶ፣ «ሌስ፣ ይሄን ነገር በጫማ ይረግጡታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያ ሳር ለእሱ አልተመቸውም፤ ይኸው ነው። ረጅሙን ምት እንደማንም ይመታል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ግን ሳሩ ወዲህ ሲያዘነብል ኳሱ ወዲያ፣ ወዲያ ሲያዘነብል ኳሱ ወዲህ። ዓርብ ዓርብ የማጣሪያው ውጤት ሲለጠፍ እኛ ሰሌዳውን እንኳ ሳናይ ጓዛችንን እንጠቀልል ነበር። ዋራንዲ ስንመለስ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አንዱ ይጮሃል፦

«ኔቭ! ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም!» ይላል ኔቭ፣ ቢራውን እያነሳ።

ሁሉም ይስቃል፤ ከሁሉ የበለጠ የሚስቀው ግን እሱ ነው። ሰዎች ይህ ሰው እንዴት አይመረውም እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ኳስ ሲመታ ፊቱን ያየ ሰው ግን አይጠይቅም።

ስለዚያች «አቋረጠ» ስለምትለው ቃል ልንገራችሁ፤ መዝገቡ ምክንያቱን አይጽፍምና። ዘመኑ 1986 ነው። ከሲድኒ ብዙም በማትርቀው ኒውካስል ላይ የሁለት ቀን ጨዋታ አልቆ ኔቭ በሦስት ምት ይመራል። በሕይወቱ እንዲህ መርቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለን ከክለቡ ቢሮ አንዷ እየሮጠች መጣች፦ «ሚስትህ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች!»

ኔቭ ዱላውን እጄ ላይ ጣለው። «ቁልፉ የታለ?»

«ቆይ እንጂ፣ እየመራህ እኮ ነው!»

«ሌስ፣ እህትህ ናት!»

ሰባት ሰዓት ያህል ነዳን። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ስንገባ እህቴ ግሌንዳ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብስኩት እየበላች ሬዲዮ ታዳምጣለች። ኔቭን ስታይ ብስኩቱ ከአፏ ወደቀ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምጥ ያዛት ሲሉኝ...»

«ምጡ ተመልሶ ሄደ! ደግሞስ የምወልደው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? በሦስት ምት እየመራህ ጥለህ መጣህ? ሌስ፣ አንተስ ዝም ብለህ ነዳህለት?»

ልጅቷ የተወለደችው ሰኞ ቀትር ላይ ነው። ውድድሩ እሁድ አልቋል። ግሌንዳ ለአንድ ዓመት ያህል ይህን እያነሳች ስትነጫነጭበት ቆይታ፣ ልጅቷ በእግሯ መሄድ ስትጀምር ተወችው። ጃኒን አሏት። ኔቭ ያንን ቅዳሜ ባነሱበት ቁጥር፣ «ሰኞ ቀትር ላይ እዚያው ነበርኩ፤ ሲድኒ ያለው መዝገብ ግን እሱን አልጻፈውም» ይል ነበር።

በ2003 ጀርባው እምቢ ሲለው ዋራንዲ ገባ። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹን ጎልፍ ያስተምራል፤ በቀረው ቀን ሜዳውን ይንከባከባል፣ አሸዋውን በዘይት ያሻል፣ ካንጋሮዎቹን ያባርራል። የፕሮፌሽናልነት ፈቃዱን ግን በየዓመቱ ያሳድሳል። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በ2017 ክለባችን ዘጠና ዓመት ሞላው። ኮሚቴው ሁለት ነገር ወሰነ፦ በነሐሴ ወር የአሸዋ ሜዳ ሻምፒዮናውን ዋራንዲ ላይ ለማዘጋጀት፣ እና በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለኔቭ የክብር ሰሌዳ ለመስቀል። ሰሌዳውን የምትጽፈው ኢሌን ፖግሰን ነች፤ በአካባቢው ያለ የሱቅ ስም ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ብሩሿን ይዛ ስብሰባው ላይ መጣች።

«እሺ፣ ስንት ውድድር አሸነፈ?» አለች።

የክለቡ ሊቀ መንበር ሮን ማክአሊስተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝም ብለሽ ‹ተወዳደረ› ብትይስ?»

«ተወዳደረ? ፈረስም ይወዳደራል!»

ኔቭ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሻይ ይጠጣል። «ኢሌን፣ ‹ድል ዜሮ› ብለሽ ጻፊው። ምን ችግር አለው? ዜሮ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ክብ ነው።»

«ቀላል ይልልኛል! ከቁጥር ሁሉ አስቸጋሪው ዜሮ ነው። እስቲ በእጅህ ክብ ሣልልኝ፣ አንተ ጉረኛ!»

እንዳለውም ተጻፈ። ዜሮዋ እንቁላል መስላለች።

በዚያው ሳምንት ጃኒን ከምታስተምርበት ከተማ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አነጋገሯ ቁርጥ እናቷን ነው። ሰሌዳውን አየችና ቀጥ ብላ ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ሄደች። ማታ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምትጀምረው። አስመዝግቤሃለሁ» አለች።

«ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው እኮ!»

«አሸዋው ደግሞ ዘጠና። አንተ ትሻላለህ።»

ግሌንዳ ድንች እያቀረበች፣ «ምጥ የያዘው ሰው ካለ ከአሁኑ ይናገር» አለች።

ዓርብ ለልምምድ ከየከተማው ተጫዋቾች መጡ። ከሁሉም የጎላው ኬደን ሩሶ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር፤ ኳስ ሲመታ ድምፁ ጆሮ ይበሳል። አሸዋው ላይ ሲደርስ ግን መደልደያውን አካፋ እንደያዘ ሰው ጨብጦ መሬቱን ይቆፍራል። ኔቭ ትንሽ አየውና መታገሥ አቃተው።

«ስማ ልጄ፣ መቃብር አይደለም የምትቆፍረው። ክብደቱን ብረቱ ይሸከም፤ አንተ ሳብ ብቻ።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ትሬዊን። እርስዎ ቢያሳዩኝ...»

«እዚህ አገር አንቱ የሚባለው ዳኛና ሬሳ ብቻ ነው። ኔቭ በለኝ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረው። እኔ ከዳር ሆኜ እቃጠላለሁ። ልጁ ሲሄድ፣ «ደህና አድርጎ ለሚገርፍህ ሰው ዱላ ቀርጸህ ሰጠኸው!» አልኩት።

«ሌስ፣ ሜዳዬ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር ዝም ብዬ ልየው? ሰኞ የምደለድለው እኔው ነኝ።»

ቅዳሜ ልጁ ስልሳ ስድስት መታ፤ ኔቭ ሰባ። በጎልፍ ያነሰ የመታ ስለሚበልጥ፣ በአራት ምት ተቀድሞ ሁለተኛ መሆኑ ነው። መጠጥ ቤት «ኔቭ፣ ሁለተኛ! ለአምስተኛ ጊዜ!» እያሉ አጨበጨቡለት፤ እሱም ተነስቶ እጅ ነሳ።

እሁድ ከምዕራብ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሳ። ከሜዳው አጥር ባሻገር ያለው ስንዴ እንደ ባሕር ይናወጣል። እንዲህ ያለው ነፋስ ኔቭን አሳድጎታል፤ ኬደንን ግን ከነኮቱ ገለበጠው። ኔቭ ኳሱን ዝቅ አድርጎ መሬት ለመሬት ያስኬደዋል፤ የልጁ ኳስ ሰማይ ወጥቶ ሌላ ቀበሌ ይወርዳል። አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ሦስት ካንጋሮዎች መንገዱ ላይ ተጋድመው ጸሐይ ይሞቃሉ። ኬደን ቆሞ ይጠብቃል።

«መቼ ነው የሚነሱት?» አለኝ።

«አይነሱም፤ የክለቡ አባላት ናቸው» አልኩት። ልጁ እስኪታመም ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ ነው የወደድኩት። አራቱ ምት አንድ በአንድ እየተሸረሸረ ሄዶ አሥራ ሰባተኛው ሲያልቅ እኩል ሆኑ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ነው። የዋራንዲ ሕዝብ በሙሉ እዚያ ወጥቷል፤ አርፍዶ የመጣውም የጭነት መኪናው ጣራ ላይ ተሰቅሏል። ኬደን ሁለተኛውን ምት በቀጥታ አሸዋው ላይ አሳረፈው። ያ ስሕተት ነው፤ የታሸ አሸዋ ኳስ አይቀበልም። ነጥሮ ከኋላ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የተላጠው ቅርፊት ውስጥ ገባ። ኔቭ ሠላሳ እርምጃ አጉድሎ ጣለው፤ ኳሱ እየተንከባለለ፣ እየተንከባለለ መጥቶ ከጉድጓዱ አምስት እርምጃ ላይ ቆመ።

ልጁ እጅ አልሰጠም። ከቅርፊቱ ውስጥ በአንድ ምት አወጣና ሁለት እርምጃ ላይ አደረሰው። ቀጥሎ መደልደያውን ይዞ፣ ልክ ዓርብ እንደተማረው ሳብ ብቻ አድርጎ፣ እንደ ብራና ለስላሳ መንገድ ጠረገ። ገባለት። ኔቭን ቀና ብሎ አየው፤ ኔቭም ራሱን ነቀነቀለት፣ ደህና ተማሪ እንደወጣለት አስተማሪ።

አሁን የኔቭ ተራ ነው። የአምስት እርምጃዋ ከገባች አሸነፈ። ከአራቱ ሁለተኛነቶች ሦስቱ የመጡት እንዲህ ያለችው የመጨረሻ ምት ስታ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ቦርሳውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን መንገዱን ጠርጎ፣ ብረቱን በቀስታ አስቀምጦ፣ ጢሙን እያሻሸ፦

«ሌስ፣ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የምታዘነብለው?»

«ቀጥ ነው፣ ኔቭ። አሸዋ እኮ ነው።»

«ሃያ አምስት ዓመት ስታሳስተኝ ኖረህ ዛሬ ልክ ሆንክ።»

መታው። ኳሱ መንገዱን ይዞ ሄደ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ የሚቆም መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያየሁት ነገር የለም። የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው፤ የመኪና ጥሩምባ፣ የውሻ ጩኸት፣ የጃኒን ድምፅ ከሁሉም በላይ፦ «አባዬ! አባዬ!»

ግሌንዳም አላየችም። ማየት አልችልም ብላ ማድ ቤት ገብታ ዳቦ ቅቤ ትቀባ ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች። «ምን ሆነ? ሰው ተጎዳ?»

«ገባ!» አልኳት።

«ምኑ?»

«ኳሱ፣ እህቴ! ገባ! አሸነፈ!»

ቢላዋውን ለእኔ ሰጥታ ሮጠች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ሽርጧም አልወለቀም። ኔቭ ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። እሷም ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ፣ «ቅቤ ነካሁህ» አለችው። እኔ እንኳ በግ ስጭን ከማወጣው ላብ የበለጠ ዕንባ አወጣሁ። ኬደን ሩሶ ኔቭን ብድግ አድርጎ ተሸከመው፤ አዳራሹ ውስጥ የስጋ ፓዩ አልቆ፣ ቢራው አልቆ፣ ሻይ ብቻ እስኪቀር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ኢሌን መሰላል አምጥታ ያን እንቁላል የመሰለ ዜሮ ቀብታ አጠፋችውና «1» ብላ ጻፈች። «ይሄው፣ ቀጥ ያለ መስመር! ከድሮም ይሄን ብታደርግልኝ ምን ነበረበት?» እያለች።

ማክሰኞ ከሲድኒ ማኅበር ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ትሑት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት ካለ በኋላ፣ የአሸዋ ሜዳ ውድድር በይፋዊው መዝገብ እንደማይቆጠር፣ የኔቭ ድል እንደ በፊቱ ባዶ ሆኖ እንደሚቀጥል አስረዳ። ኔቭ ቀፎውን ዘጋና ለሁላችንም ነገረን፤ ተናግሮ ሳይጨርስ ሳቁ አሸነፈው፤ ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

ሮን ተናደደ። «እናመልክት! ደብዳቤ እንጻፍ!»

«ተወው» አለች ኢሌን። «ሲድኒ ዜሮዋን ትያዝ። መሰላሉን ሁለተኛ አልወጣም።»

በቀጣዩ ክረምት ኔቭ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ የአሸዋ ሜዳ ላይ ተወዳደረ። እኔም ቦርሳውን ተሸከምኩ። ዝናብ ጥሎ አሸዋው ጭቃ ሆኗል፤ አሥራ አንደኛ ወጣ። በመመለሻችን መንገድ ዳር አትክልት የሚሸጡ ሰዎች አየና አስቆመኝ፤ ለግሌንዳ አንድ ኬሻ ብርቱካን ጫነላት። እስከ ዋራንዲ ድረስ እየላጠ አበላኝ፤ ልጣጩንም በመስኮት እየጣለ ያፏጭ ነበር።