ከአንሶላው ሥር የታዩት ጫማዎች

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር አሻንጉሊት ስሠራ ዋልኩ። ትምህርት ቤታቸው በእጅ የሚጠለቅ አሻንጉሊት ቤት ውስጥ ከሚገኝ ነገር ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸው ነበርና፣ ጥንዳቸው የጠፋ ካልሲዎች፣ ከአሮጌ ኮት የተፈቱ ቁልፎች፣ የተቀዳደደ ካርቶንና የተረፈ የሹራብ ክር ምንጣፉን ሞልተውታል። ከሱቅ የገዛነው ማጣበቂያ ገና በጠዋቱ ስላለቀብን ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጠበጥኩና እሳት ላይ ጥጄ በማንኪያ እያማሰልኩ ኮላ ሠራሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ያ ጥሬ ሊጥና እርጥብ ወረቀት የተቀላቀሉበት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ይናፍቃል ይባላል፤ በእኔ ላይ ቀድሞ የመጣው ግን እፍረት ነበር። ትልቋ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "እማዬ፣ ፊትሽ ቀላ" አለችኝ።

"እሳቱ ነው" አልኳት።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሰበታ፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻና ከብት የነበራቸው፣ ወሬያቸውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት በዱላቸው መሬቱን እየመቱ በየበሩ ቆመው "አካም ቡልተን?" ሲሉ መልስ ሳይሰሙ አያልፉም፣ ተኝቶ ያረፈደ ተከራይም ቢሆን ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ደህና ማደሩን ማሳወቅ ነበረበት። ፊት ለፊት የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች፣ አንድ ለሁሉም የሆነች የውኃ ቧንቧ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የልብስ ገመድ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የፋብሪካው ፊሽካ፤ ዓለማችን ይኸው ነበር። አባዬ የዚያ ክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ እማዬ ድስቱን ታወጣለች፣ ፊሽካው ሲነፋ እኛ እግራችንን እንታጠባለን። እማዬ በባሏ ሥራ የነበራት ኩራት ቀላል አልነበረም፤ እሁድ እሁድ ሰማያዊ ቱታውን አጥባ የምታሰጣው ፀሐይ በሚበዛበት በኩል ሳይሆን መንገደኛ በሚያይበት በኩል ነበርና፣ ቱታው ሰኞ ጠዋት ሲለበስ ገና እርጥብ ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ አማረች ነበረች። ከወላይታ መጥታ እዚያው አባዬ ያለበት ፋብሪካ የተቀጠረች፣ አገር ቤት ሳለች እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ ልጆች ታስተምር የነበረች ወጣት ናት። ልጅ ሳታይ መዋል አይሆንላትም ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት የግቢውን ልጆች ሁሉ በሯ ላይ ትሰበስበናለች። የዱቄት ኮላ ታፈላልናለች፤ ከፋብሪካው የሚጣለውን የክር ትርፍራፊ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ ከዚያ ተረከዙ የተበሳ ካልሲ በእጇ ላይ አፍ ያወጣል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን ይሆናል፣ የተዘናጠለ ክር ጢም ወይም ሹሩባ ይሆናል። እኛ ኮላውን ከካልሲው ይልቅ ፀጉራችን ላይ ነበር የምናጣብቀው። አማረች ሁልጊዜ የምትለን አንድ ነገር ነበረች፦ "እጃችሁ አሻንጉሊቱ ውስጥ ሲገባ እናንተ የላችሁም። የሚናገረው እሱ ነው። አትፈሩ፣ አትፈሩ!"

ይህን ምክር እንደ ታናሽ ወንድሜ እንደ ለሚ አምኖ የተቀበለ አልነበረም። ለሚ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ግን በዚያች ትንሽ ጉሮሮው ውስጥ ሰበታ በሙሉ ተጠቅጥቆ ይኖር ነበር ብል አላጋነንኩም። የወያላውን ጥሪ፣ የኦቦ ቶሎሳን ሳል፣ ዕንቁላል ጥላ የምትጮኽ ዶሮ፣ ከቄስ ጋር የምትከራከር ሴት፣ የፈለጋችሁትን ያመጣላችኋል። አባዬ ማታ እራት ላይ "እስቲ ኦቦ ቶሎሳን አምጣልኝ" ይለዋል፤ ለሚ አንገቱን ሰበር አድርጎ አንዴ ሲስል አባዬ ጉርሻው እየተናነቀው ይስቃል፣ እማዬ ጀርባውን እየመታች "ሽማግሌ ላይ ነውር ነው" ትላለች፤ እሷም ራሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ለግቢው ሰው ትርኢት ልናሳይ ተነሣን። አማረች አንሶላዋን በልብስ ገመዱ ላይ ዘረጋችልን፤ አጭር ስለነበረ እስከ መሬት አልደረሰም። አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ለኦቦ ቶሎሳ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጣቸው፣ እማዬና አባዬ ፊት ተቀመጡ። ልናሳይ ያሰብነው የጅብና የአህያን ተረት ነበር፤ ግን ኮላው ገና አልደረቀም ነበርና አህያችን ገና ብቅ ከማለቷ አንድ ጆሮዋ ተገንጥሎ ኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር ወደቀ። እሳቸው አንሥተው "ይቺ አህያ ጅብ ሳይመጣ ተበላች!" ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግራ ገብቶኝ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ ሳስብ፣ ከወዲያ የእማዬ ድምፅ በደስታ "የእኔን ሰውዬ አውጡልኝ እንጂ!" አለ። ከቱታው መጣፊያ በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከጥቁር ክር በተሠራ ጢም፣ አባዬን የሚመስል አሻንጉሊት መሥራታችንን ታውቅ ነበር።

ለሚ አባዬን እጁ ላይ አጠለቀ። እኔ የእማዬን ያዝኩ።

"ደህና አደራችሁ ጎረቤቶች" አለ ለሚ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ ቁርጥ አባዬን። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "ምሳ ዕቃዬን ያዝኩ። ሄድኩ እንግዲህ።"

"ቶሎ በል፣ ፊሽካው ሊነፋ ነው!" አልኩ እኔ በእማዬ ድምፅ።

"ይንፋ። እኔ ፋብሪካ መሄድ ድሮ ቀርቶብኛል እኮ። ወንዝ ነው የምወርደው። ቱታዬን አውልቄ ድንጋይ ሥር አስቀምጥና አሸዋ መኪና ላይ እጭናለሁ። ፊሽካው ሲነፋ ታጥቤ እመጣለሁ።" አሻንጉሊቱን ወደ ተመልካቹ ጠጋ አደረገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት፦ "ለእናትህ እንዳትነግር፤ ይቺ የወንዶች ወሬ ናት።"

መጀመሪያ ሳቁ ቀጥሎ ነበር። ከዚያ ከአንድ ጥግ መቋረጥ ጀመረ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየሰማው፣ በመጨረሻ አንድ ነገሩ ያልገባው ልጅ ብቻ ሲስቅ ቆየና እሱንም እናቱ ዝም አሰኘችው። ለሚ ከትልልቅ ልጆች ጋር ወንዝ ወርዶ አባዬን እንዳየው፣ አባዬም ሸንኮራ ገዝቶለት አደራ እንዳለው እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው የአንሶላው ጫፍ ተገልጦ አባዬ ወደ እኛ ሲገባ የለሚን ጭንቅላት በሁለት እጄ መሸፈኔን ብቻ ነው።

አልመታንም። ከመካከላችን ቁጢጥ አለና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ከወንበሩ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ አይመስለኝም፤ የሰው ዓይን ሲበዛበት ቅርብ ያገኘው መደበቂያ የእኛ አንሶላ ሆነበት። ግን አንሶላው አጭር ነው። ከወዲያ ያለው ሰው ሁሉ፣ እማዬም ጭምር፣ ስፌታቸው ውስጥ አሸዋ የተሰገሰገባቸውን ሁለት ጫማዎቹን እያዩ ተቀምጠዋል። ለሚ አሻንጉሊቱን ያጠለቀ እጁን ወደ አባዬ ፊት ዘረጋና በሹክሹክታ "አባዬ፣ እኔ አልተናገርኩም። እሱ ነው" አለው።

ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። በሉ ተነሡ፣ ከብቶቼ ውኃ አልጠጡም" አሉ፤ የእሳቸውን ከብት ውኃ ለማጠጣት የግቢው ሰው ሁሉ የሚያስፈልግ ይመስል ሁሉም ተነሣ። ከእኛ በኩል፣ ከአንሶላው ሥር፣ እግሮች አንድ በአንድ ሲሄዱ ይታየን ነበር፤ ቀስ እያሉ፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቁ። የአማረች እግር ጥቂት ቆመ፤ እሱም ሄደ። በመጨረሻ የቀረው የእማዬ ኮንጎ ጫማ ነበር።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አለች ከወዲያ ሆና።

"ከፋሲካ ወዲህ። ሰው ሲቀንሱ..." አባዬ አልጨረሰውም።

"አማረች ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃሉ።"

ከዚያ እማዬ "ምሳህንስ? የት ነው የምትበላው?" አለችው።

"እዚያው፣ ውኃው ዳር።"

"እኔ እኮ እንዳይቀዘቅዝብህ በሁለት ጨርቅ ነበር የምጠቀልለው" አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ከሥራ መባረሩን ሰምታ አላለቀሰችም፤ ሁሉም እያወቀ እሷ ብቻ አለማወቋን ሰምታም አላለቀሰች። ያስለቀሳት የምሳው መቀዝቀዝ ነበር።

አሸዋ መጫን ነውር አይደለም፤ ዛሬ ይህን ለማንም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። በቤታችን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እፍረት እንደ አንድ ተጨማሪ ሰው አብሮን ይኖር ጀመር። እማዬ ሰው ሳይኖር ጠብቃ ውኃ መቅዳት ያዘች፤ ቱታውንም አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አማረች አንድ ቀን በራችን ላይ መጥታ መሬት መሬት እያየች "እትዬ፣ ይቅርታ፣ አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት" ስትላት እማዬ "አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ" አለቻት፤ በሩን ግን ከግማሽ በላይ አልከፈተችውም። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ ኮላ አልፈላም። ክረምቱ ሲወጣ ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን፣ ፋብሪካው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀን ሰው ወደሌለበት ወደ ቡራዩ መጣን፤ አባዬም አንድ ብሎኬት ማምረቻ ገባና እስኪያረጅ እዚያው ሠራ።

ለሚን ማንም አልተቆጣውም። አሁን ሳስበው ክፉው ነገር እሱ ነበር። ቢገረፍ ኖሮ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። አባዬ ግን "እስቲ ኦቦ ቶሎሳን አምጣልኝ" ማለቱን ተወ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ልጁም እራት ላይ ጥቂት ቀናት ዓይን ዓይኑን እያየ ጠበቀ። ከዚያ መጠበቁን ተወ። ያ በጉሮሮው ከተማ ያኖር የነበረ ልጅ ቃል የሚቆጥብ ጎረምሳ፣ ኋላም ቃል የሌለው ሰው ሆነ። ዛሬ ሱሉልታ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ ረዳቱ ለሁለቱም ይጮኻል። ተሳፋሪዎች የእሱን መኪና መርጠው ይሳፈራሉ አሉ፣ ሹፌሩ ራስ አያዞርም ብለው።

አባዬ በመጨረሻ ታሞ ሳለ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ሳልጠይቀው "ያ ልጅ ያን ቀን ሸክም አወረደልኝ" አለኝ። "እሱ ባይናገር ኖሮ እኔ እስከ ዛሬም አልናገርም ነበር።"

"ታዲያ ለምን አትነግረውም?" አልኩት።

"በምን ዓይኔ አይቼው?" አለና እግሩን ከእጄ ሰበሰበ።

ሳይነግረው ሞተ። የሠልስቱ ቀን፣ ሰው ከድንኳኑ ወጣ ወጣ ሲል፣ ለሚን ጥግ ይዤ አባዬ ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ የሚቀር መስሎኝ ልነሣ ስል "ለእኔ ለምን አልነገረኝም?" አለኝ።

"አፍሮህ ነዋ።"

"አፍሮኝ?" አለ። "እኔ እኮ እስከ ዛሬ አፍሮብኝ ነበር የሚመስለኝ።"

በአማርኛችን ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት፤ በቤታችን ግን ያቺን ፊደል ደፍሮ የሚናገራት ጠፍቶ አንድ ዕድሜ አለፈ። ሰበታ ያለው ግቢ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ኦቦ ቶሎሳ ካረፉ ቆይተዋል፣ አማረችም አገሯ ተመለሰች ሲባል ሰማሁ እንጂ የት እንዳለች አላውቅም። እነዚህ የጊዜ ናቸው፤ ጊዜ ይወስዳቸው ዘንድ ግድ ነው። ጊዜ ያልወሰደብኝ፣ እኛው ራሳችን አንገታችንን ደፍተን የጣልነው ግን አባዬና ለሚ የሚያወሩትን ወሬ ነው። ከአንድ ትሪ እየበሉ አንዱ አደገ፣ አንዱ አረጀ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት መካከላቸው ተቀምጬ ሲባባሉ የሰማሁትም "ጨው አቀብለኝ" እና "ጠገብኩ" ነበር።