የወርቂቱ የውኃ ፌጦ

ጣሊያን ከአገር በወጣ በዐሥረኛው ዓመት ነቀምት ውስጥ ማድያት ያስቸገራት ሴት ሁሉ ቡርቃ ጃቶ ወደሚባለው ምንጭ ወርዳ የወርቂቱን ቤት ትጠይቅ ነበር። ወርቂቱ ባሏንና ሁለት ልጆቿን በአንድ ክረምት ቀብራ ብቻዋን ቀርታለች። ከምንጩ ዳር የውኃ ፌጦ ትለቅማለች፤ ወቅጣ በጨርቅ ትጨምቅና ጭማቂውን ከለጋ ቅቤ ጋር ትለውሰዋለች። ለሁሉም የምትናገረው አንድ ነው፤

«ፊትሽ ላይ የሚቆየው ውኃ ቀድተሽ እስክትመለሺ ብቻ ነው። ከዚያ ታጠቢው፤ ያቃጥላል።»

የእህል ነጋዴው የሽብሩ ሚስት ዘርፈሽ ግን የመጣችው ለማድያት አልነበረም። ግራ ጉንጯ በባሏ ቡጢ በልዟል። በማግስቱ ከነቀምት አቅራቢያ፣ ዲጋ ላይ፣ የወንድሟ ሠርግ ነው።

«አዴ ወርቂቱ፣ እስከ ነገ ያጠፋልኛል?»

«ይሄ የቡጢ መድኃኒት አይደለም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

ሆኖም አሳዘነቻትና እንደ ሌሎቹ አስጠንቅቃ ሰጠቻት።

ዘርፈሽ ቅቤ ስትባል የምታውቀው የራስ ቅቤ ነው፤ ተቀብተው፣ ሻሽ አስረው የሚያድሩትን። ይህንንም እንደዚያው አሳደረችው። ሲነጋ ጉንጯ ተልጦ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ሽብሩ ቆመጡን ይዞ ወርቂቱ ቤት ከች አለ።

«አንቺ ጠንቋይ! የሚስቴን መልክ በላሽው!»

«እኔ ያቃጠልኩት ላዩን ነው። ሥሩን ያበለዘው ማነው፣ ኦቦ ሽብሩ?»

በቆመጡ አፏን አላት። ስትወድቅ ሙቀጫውን በእግሩ ገለበጠው፤ ቀኝ እጇን የሙቀጫው ጠርዝ ላይ ረግጦ ቆመጡን ደጋግሞ አወረደባት።

«እስቲ አሁን በምን ትወቅጪያለሽ?»

የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

ዘርፈሽ ተከትላው ደርሳ ነበር። ዘነዘናውን አነሣችና ግንባሩን አለችው። ተንበረከከ። ትከሻውን ደገመችው፤ በደም ተሸፍኖ ተዘረረ። ለሦስተኛ ስታነሣ ወርቂቱ በደኅና እጇ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ተይ! አንቺ ከታሰርሽ ማን ሊወቅጥልኝ ነው?»

ዘርፈሽ ዘነዘናውን ጣለች። ሽብሩ ድኖ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ አልተመለሰችም። የወርቂቱ ጣቶች ተጣመው ቀሩ፤ ዐሥራ አራት ዓመት፣ እስክትቀብራት ድረስ፣ ዘርፈሽ ወቀጠችላት። ቅባቱን ለሰው ስትሰጥ ጠባሳዋን ወደ ብርሃን ታዞርና፣

«ውኃ ቀድተሽ እስክትመለሺ ብቻ» ትላለች።