የማያልቀው ሜቶዶ

ልጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ያን ሰሞን አዲስ መሥሪያ ቤት ገብታ ገና ፕሮቫ ላይ ነበረች፤ ሙከራውን ካላለፈች ኮንትራቶ የሚሉት የሥራ ውል የለም። እኔ ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ስትሠራ ከኋላዋ ቆሜ ማየት እወዳለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፗን ኩሽና ውስጥ ከፈተች። የያዘችው ሥራ ኦስቲያ ባሕር ዳር ዣንጥላ ለሚከራዩ ሰዎች ቦታ የሚመድብ ፕሮግራም ነው። የዝናብ ቀን ደንቡን ለውጪ ተብላለች። ደንቦቹ ሁሉ የታጨቁበት አንድ ጽሑፍ አለ፤ ሜቶዶ ትለዋለች። ወደ ታች ብትስበው፣ ብትስበው አያልቅም።

«መጀመሪያ ይሄን ልቆራርጠው ነው» አለች።

«በማርያም! የሚሠራውን ነገር ምን አስነካሽ? ቢበላሽስ?»

«ከኔ በፊት የነበሩትም እንዳንቺ ፈርተው ነው እኮ እማዬ። መንካት እየፈሩ አንድ አንድ ‹እንዲህ ከሆነ› ለጠፉበት። ይኸው የደረሰበት።»

ጎኑ ላይ ቀይ ቁጥር አየሁ። ምንድነው ብላት፣ ውስብስብነቱን የሚለካ ነው አለችኝ።

«ርዝመቱን ነው?»

«ርዝመት ብቻውን አይጎዳም። በየ‹እንዲህ ከሆነ›ው ያለውን መንታ መንገድ ነው የሚቆጥረው።»

አሰብኩት። የኦስቲያ ባቡር መንገዱ ረጅም ነው፤ ማንም አይጠፋበትም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ስንቴ ዞሮብኛል። «አሎራ፣ እንግዲህ ገባኝ» አልኳት።

ከመቁረጧ በፊት መፈተኛ ጻፈች፤ ድሮ የሚሰጠውን መልስ አሁንም መስጠቱን የሚያይ። ከዚያ የዝናቡን ክፍል ብቻ አውጥታ፣ ስም ሰጥታ ለብቻው አስቀመጠችው። ስትፈትነው አንዱ መልስ ቀላ። እኔ አማተብኩ። እሷ ግን ወደነበረበት መልሳ አየችው፤ ለካ ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ የወጣው ደንብ ከዝናቡ ደንብ በፊት መታየት ነበረበት። እንደገና ቆረጠችው፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። አዲሱን ደንብ የዚያኔ አስገባች።

ቁጥሩ ቀነሰ፤ ቅላቱ ግን አልለቀቀም።

«እዚያው ውስጥ ያለው የበዓል ቀን ደንብስ? እሱም ይውጣ እንጂ!» አልኳት።

ሳቀች። «ቅድም አትንኪ ያለችኝ ሴትዮ የት ሄደች? የበዓሉን ለውጪ ያለኝ የለም። የምነካው ቀን ሲመጣ እቆርጠዋለሁ።»

ሰኞ ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኳት። አለቃዋ አንብቦ ተቀብሎታል፤ ከዚያ የባሰ ረጅም ሌላ ሜቶዶ ሰጥቷታል። ስለ ኮንትራቶው ትንፍሽ አላለም። ሊያሰናብቱት ላሰቡት ሰው እንዲህ ያለውን አይሰጡም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እራት አቀረብኩ።

«አዲሱስ ስንት መንታ መንገድ አለው?» አልኳት።