ከድንጋዬ በላይ ያለው ድንጋይ

ባለፈው መጋቢት ሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል አዳራሽ ተጋብዤ ነበር። ጋባዦቹ ወጣቶች ናቸው። ከመድረኩ በላይ «ከመሬታችንና ከነባር ባህላችን ጋር በአክብሮት እንኑር» የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቆብ አድለዋል። ውጭ ፀሐይ አስፋልቱን ታቀልጣለች፤ እኛ መጋረጃ ዘግተን ስለ መሬት እናወራለን። አንዲት ልጅ ድምፅ ማጉያውን አቀበለችኝና «አባባ፣ የድሮ ሰዎች ይህን ነገር የት ነበር የሚማሩት?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ድንጋይ አምጡ» አልኳት።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የቆላው ሙቀት አናቱ ላይ ወጣ ሳይሉኝ አልቀሩም። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እኔና እናቴ ከደብረ ሲና ወደ ቆላ የወረድነው በደርግ ዘመን ነው። እናቴ ሾፌሮች የሚያርፉበት ሆቴል ወጥ ትሠራለች፤ እኔ ሽንኩርት በመኪና እጭናለሁ። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግጥም ያስተማረኝም የለም። ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ካገኘሁ ፊትና ጀርባውን አነባለሁ፣ ከዚያ ክፍት ቦታው ላይ የራሴን እጽፋለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ምላሴም እንዲሁ። ያየሁትን ሁሉ በሁለት መስመር ካልወጋሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አርጎባዎች ከጥንት ጀምሮ የካቡት ረጅም የድንጋይ ካብ አለ። አፈሩን ከጎርፍ የሚይዘው እሱ ነው። ከካቡ ጎን አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ቆሟል። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነባሩም መጤውም ሮቃው ሥር ይሰበሰባል። የማሽላ ንፍሮ ይቀርባል፤ የሮቃ ፍሬ የተዘፈዘፈበት፣ ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጣ ውሃ በቅል ይዞራል። ከዚያ ወሬ ነው። የትኛው ቁጥቋጦ ለንብ እንደሚተው፣ የመስኖው ውሃ ተራው የማን እንደሆነ፣ አርጎባ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚባል፣ ደገኛ ጎረቤት ሲጾም ምን እንደማይላክለት። ማንም አስተማሪ ነኝ አይልም።

መጀመሪያ የሄድኩት ላሾፍ ነው። የዕድሜ ባለጸጋዋ እትዬ ዘሀራ ገና ሲያዩኝ ለዩኝ።

«አንተ ባለ ወረቀቱ፣ ቆላ ከወረድክ ስንት ጊዜህ?»

«ሦስት ዓመቴ ነው፣ እትዬ።»

«ሦስት ዓመት ማሽላችንን በልተህ አንዲት ድንጋይ አላነሳህም? ያ አላህ! ሌባ ቀልበናል ለካ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ልማዱ እንዲህ ነው። እዚያ አገር ሊኖር የመጣ ሰው አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ካቡ ላይ ያስቀምጣል። ሲያስቀምጥ ከሥሩ ያለው ድንጋይ የማን እንደሆነ ይነገረዋል፤ እሱም ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ «ተሸከመኝ፣ እኔም የሚመጣውን እሸከማለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ድንጋይ ካስቀመጠው ሰው በቀር ማንም አያነሳውም። ከላዩ ሌላ ሰው ካለበት ደግሞ መጀመሪያ የላይኛው ፈቅዶ የራሱን ማንሳት አለበት።

እኔ በጉራ ትልቁን ድንጋይ መርጬ አስቀመጥኩ። ተንከባሎ እግሬን ሊቀጠቅጠኝ ሲል ዘለልኩ። «ግጥምህም እንደዚህ ነው የሚቀመጠው?» አሉ እትዬ ዘሀራ። በሁለተኛው ሙከራ ያዘልኝ። ከሥሬ የነበረው የማሞ ድንጋይ ነው። ማሞ የቀበሌ ታጣቂ ነው፤ እንደኔው ከደብረ ሲና የወረደ፣ ቆላ ገብቶም ጋቢውን ያልጣለ ሰው። «ማሞ፣ ተሸከመኝ፣ እኔም የሚመጣውን እሸከማለሁ» አልኩ። ማሞም ንፍሮውን እያላመጠ «ምን አማራጭ አለኝ?» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓርብ ቀርቼ አላውቅም።

መንደር ምስረታው ሲመጣ አንድ ካድሬ ተላከልን። በዚያ ሙቀት እንኳ የአንገቱን ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነበር። ለአዲሱ መንደር የስብሰባ አዳራሽ መሠረት ድንጋይ አስፈለገ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ሞልቷል፤ እሱ ግን ዓይኑ ካቡ ላይ አረፈ። አንድም ቅርብ ነው፣ አንድም የዓርቡን ስብሰባ «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ሊያፈርሰው ይፈልጋል። ቅዳሜ ሕዝቡ ወጥቶ ካቡን እንዲንድ ታዘዘ። እኔንም አስጠራኝ።

«ጓድ፣ ትገጥማለህ አሉ።»

«እሞክራለሁ።»

«ቅዳሜ ለዘመቻው የሚሆን ግጥም ታነባለህ። ኪነት ቡድን እናስገባሃለን። አለበለዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ተራህ ደርሷል።»

ያኔ ወደ ሰሜን የሄደ ልጅ መመለሱን ማንም አያውቅም ነበር። እናቴ ስትሰማ ማማሰያዋን ጥላ እግሬ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ ድንጋይ ነው። ድንጋይ! ያሉህን አንብብና ኑርልኝ» አለች። ግጥሙን ጻፍኩት። ጥሩ ግጥም ነበር፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከበሮ ተመትቶ ሰዉ ሁሉ ወጣ። አንድም የቀረ የለም። ካድሬው «ጀምሩ!» ሲል እትዬ ዘሀራ ቀድመው ተነሱ። ካቡን በእጃቸው እየዳበሱ በዝግታ መሄድ ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እናት?»

«የኔን ድንጋይ እየፈለግሁ ነዋ። ካልታዘዝኩ ትቆጣለህ።» ከታች አገኙት። «ይኸው! ግን የወንድሜ ድንጋይ ከላዬ አለ። እሱ ይምጣና የራሱን ያንሳ።»

«የት ነው ያለው?»

«መቃብር። ላክበት።»

ከዚያ ሁሉም ተከተለ። አንዱ የሞተ አማቱ፣ አንዱ የአንድ የማጀቴ ከተማ ነጋዴ፣ አንዷ በኩፍኝ የሞተ ልጇ ድንጋይ ከላያቸው ነበር። ሰዉ ታዛዥ መስሎ ካቡ ላይ ጎንበስ ቀና ይላል፤ ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ አንዲት ድንጋይ ግን አልተነሳችም። ካድሬው ወደ ማሞ ዞረ። «ታጣቂ! አንተ ጀምር!»

ማሞ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «ጓድ፣ የኔ እዚህ ነው። ከላዬ ሰው ባይኖር ደስ ባለኝ» አለና ወደ እኔ አየ።

ያኔ ገባኝ። ከኔ በኋላ ድንጋይ ያስቀመጠ አልነበረም፤ በሌላው ቦታ ከላይ ያሉት የሞቱና የራቁ ሰዎች ድንጋዮች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ማንሳት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካነሳሁ ማሞ ምክንያት ያጣል፤ ማሞ ካነሳ ሌላው። እናቴ ከሰዉ ጀርባ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። እትዬ ዘሀራ እንኳ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አንስተው ሮቃውን ያዩ ጀመር።

ሄድኩና ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ግጥሙን!» አለ ካድሬው።

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ጨመደድኩትና ያልጻፍኩትን ተናገርኩ።

«ይሄ ካብ አይደለም፣ ሰው ተደራርቦ ነው፤
የታቹን ስትነካ፣ የላዩን ጠይቀው።»

ካድሬው በክንዴ ጎትቶ አስነሳኝና የአንገት ቁልፉን ፈታ። ድንጋዬን በገዛ እጁ አቅፎ ሲያነሳ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የረዳው ሰው የለም። እትዬ ዘሀራ በቅል የሮቃ ውሃ ይዘው ቀረቡት።

«ጠጣ ልጄ። ድንጋይ ካነሳህማ የአገሩ ሰው ልትሆን ነው። በል አሁን መልሰህ አስቀምጥና ወጉን ጨርሰው!»

በዚያ ቀን የሰማሁትን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ካድሬው ድንጋዩን ወርውሮ ሄደ። አዳራሹ ኋላ ላይ በወንዝ ድንጋይ ተሠራ። እኔ ግን በዚያው ከሰዓት ተያዝኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ተጫንኩ። እናቴ መኪናው ሲነሳ ቆማ አየችኝ እንጂ አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ብጠየቅ የምመልሰው አንድ ነው፤ አሁንም እዚያው እቀመጣለሁ።

ደርግ ወድቆ ስመለስ ነሐሴ ነበር፤ ማሽላው ከወገብ በላይ ቆሟል። ከቤት በፊት ወደ ካቡ ወጣሁ። ድንጋዬ የተወረወረበት ይሆናል ብዬ ሣሩን ስፈልግ እትዬ ዘሀራ ከደጃቸው ተጣሩ።

«እዚያ ምን ትፈልጋለህ? ቦታህ ላይ ነህ!»

እውነትም ማሞ ላይ ተመልሻለሁ። ከላዬ ደግሞ የማላውቀው ድንጋይ አለ፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ከጎኑ ጥላሸት የያዘ። የጉልቻ ድንጋይ ነው።

«የማን ነው?»

«አንተን በወሰዱህ ማግስት እናትህ ከምድጃዋ ነቅላ አመጣችው። ዓርብ እንኳ አልነበረም። ያንተን ከወደቀበት አንስታ ቦታው መለሰችና የራሷን ከላዩ አድርጋ ‹ልጄ፣ ተሸከመኝ› አለች። ‹ከእንግዲህ እሱን የሚያነሳ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ› ብላ ሄደች።»

ይህን ሁሉ በዚያ አዳራሽ አወራሁ። ስጨርስ ልጅቷ ቆቧን አውልቃ ነበር። «ካቡ አሁን አለ?» አለችኝ።

መጋረጃውን አስከፈትኩና ይዣቸው ወጣሁ። በፀሐይ ወደ ተዳፋቱ ስንወጣ ግማሾቹ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ፤ ጉረኞቹም እንደኔ ትልቁን መረጡ። እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗል። በልማዱ መሠረት የጉልቻዋን ድንጋይ ማንሳት የምትችል እሷ ብቻ ነበረች። እንግዲህ ካድሬም ቢመጣ፣ ባለ ጨርቅም ቢመጣ፣ እኔን ከዚያ የሚያነሳኝ የለም።